የባሕሪ ሚዛን

ኢዝሚር ላይ፣ ወደቡ ዳር፣ ትኬት ነው የምቆርጠው፤
ሃያ ዓመት ቁጭ ብዬ ሌላውን ነው የማሻግረው።
ሐኪሟ ወረቀቴን አይታ፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣
«ሸርሚን፣ ስኳሩ ደጅሽ ነው፤ ሩጪ» አለች፣ «ሳይነጋ።»

እኔም ሮጥኩ።
ሩጫ ከተባለ፤
ከአንድ መብራት እስከ አንድ መብራት፣ ከዚያ ቆም፣ ከዚያ ደግሞ፣
ደረቴ ውስጥ አሮጌ ሞተር፣ አልነሣም ብሎ አድሞ፣
የወንድሜ ልጅ ቱታ፣ ጉልበቱ ላይ የሳሳ፤
አጥማጁ እኔን ሲያይ ቆይቶ አመለጠው ዓሣ።

ኮርዶን ላይ፣ ከዘንባባው ሥር፣ ባሕሪ ሚዛኑን ዘርግቶ
በካርቶን ላይ ይቀመጣል፣ እርሳስ ከጆሮው ሰክቶ።
ሥራው ሰው መመዘን ነው፣ ለጥቂት ሊራ፣ አላፊውን፤
ጮክ ብሎ አይናገርም፣ የሰው ገመና ነው ብሎ ቁጥሩን፤
ከሲጋራ ፓኮ ቀድዶ፣ ጽፎ፣ አጥፎ ይሰጥሻል።

የመጀመሪያው ቀን ጻፈ፦ ሰማንያ አንድ።
በሁለተኛው ሳምንት፣ ጭኔ እንደ እሳት ሲነድ፣
ዳቦውን በግማሽ ትቼ፣ ሻዬን ያለ ስኳር ውጬ፣
ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ፣ የጆሮ ጌጤንም አውጥቼ።
ሰማንያ ሦስት።

«ባሕሪ፣ ሚዛንህ ሰክሯል» አልኩት። አልተቆጣም።
«እኔ እንጂ» አለ፣ «እሷስ አንድ ጠብታ አትጠጣም።
ደግሞ በየማለዳው እኔው ነኝ ቀድሜ የምወጣባት፤
ስልሳ ሁለት፤ አሥራ አንድ ዓመት። ድንጋይዋ ነኝ የምፈትናት።»

ኔቪን፣ ከጎኔ የምትቆርጠው፣ «ጡንቻ ነው» ትላለች፤
«ውሃ ነው» ይላል መካኒኩ፤ እናቴ ዝም ብላ ታያለች።
እኔ ግን ማታ ማታ፣ ቤቱ ሁሉ ሲተኛልኝ፣
ፍሪጁ ፊት ቆሜ፣ ሐላዋው «አንድ ብቻ» ሲለኝ…

በአምስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ፣ ዝናቡ ሲጥል አድሮ፣
ከወትሮው ቀድሜ ደረስኩ። አላየኝም። ጀርባውን አዙሮ
ካፖርቱን አውልቆ ወጣባት።
መርፌዋ ተነሣች፤ ሃምሳ አምስት ላይ ደክሟት ቆመች።
ወረደ፤ ደግሞ ወጣ። መርፌዋ ቃሏን ደገመች።

ከዚያ ዞሮ አየኝና፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ
እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣ «ሸርሚን ሐኒም፣ ይውጡ በሉ።»
ሰማንያ አራት።

እንዴት አድርጌ ልቆጣ? ማንንስ አፍ አውጥቼ ልክሰስ?
እኔ ላይ የተጨመረው ከእሱ ተቆርሶ ቢመስል፣ ቢመስል እንኳ… ምን ልመልስ?
ለመቅለል ብዬ ስሮጥ፣ መቅለል ምን እንደሆነ አየሁ፤
ካፖርቱ ለሁለት ሰው ሲበቃ። እንደ ቆምኩ ቀረሁ።

«ስንት ጊዜ ሆነህ?» አልኩት። «ሚዛኗ ተበላሽታ ይሆናል» አለ፤
እሷን ሲያማት የሰማሁት ያኔ ነው። ዓይኑ ባሕሩ ላይ ዋለ።

በዚያ ቀን መስኮቴን ዘጋሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ
ትኬት ቆረጥኩ፣ ሁለት፤ ሒሳቡን ቆጥሬ ከኪሴ።
ካርሺያካ ሆስፒታል አለ። ሚዛኗን ትቼ አልሄድም ቢለኝ፣
«እሷም ትምጣ» አልኩት፤ ለዕቃ የሚያስከፍል ቢኖር እኔው ነኝ።

ነፋሱ በስተጎን መጣና ባሕሪን ከወንበሩ ሲያናውጠው
ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሰማንያ አራት ኪሎ ነው የያዘው፤
አልተነቃነቅኩም።

ሚዛኗ ጭኑ ላይ ናት፣ ሁለት እጁ ከላይዋ፤
መርከቡ ማዕበል ሲወጣ ይነሣል መርፌዋ፣
ሲወርድም ይወርዳል፤ አንዴ ዘጠኝ፣ አንዴ ሁለት፣ አንዴ ባዶ።
ባሕሪ ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ከፓኮው ጥግ ቀድዶ፣
እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ ጻፈ፣ አጠፈና ሰጠኝ።

የማን ክብደት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።